የቅድስቲቱ ቀኝ ዓይን

ማኒ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1996

ልጄ ጋሩፋልያ፣

እንዴት ከርመሻል? ጀርመን ብርዱ ጀመረ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የመንደራችን ሰው ግን እጅ እጅ ብሎኛል።

ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያለችው ቅድስት ፓራስኬቪ ቀኝ ዓይኗ ተፍቆ ተገኘ። ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆየ ሥዕል ነው። ያን ዕለት ጉልላቱን ሲጠግን የዋለው አልባኒያዊው ግንበኛ ኢሊር ስለነበር፣ በቃ፣ እሱ ነው አሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሊኩርጎስ ካፌ በር ላይ ቆሞ፣ «የሌሎቹን ቅዱሳን ዓይን ቱርክ አወጣ፣ የሷን ደግሞ ይሄ» ይላል። ቱርክ እኛ ተራራ ላይ መቼ ወጥቶ ያውቃል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። የሥዕሉ ቀለም ዓይኑ ለታመመ ልጅ መድኃኒት ነው እያሉ የፋቁት የኛው አያቶች ናቸው።

«አንተ፣ እናትህ የቅዱስ ሚናስን ዓይን ፍቃ፣ በውሃ በጥብጣ ያጠጣችህን ረሳኸው?» አልኩት።

«እትዬ ስታማትያ፣ አርጅተዋል እኮ። ቤትዎ ይግቡ» አለኝ፤ ካፌው ሙሉ ሳቀ።

ያን ቤተ ክርስቲያን እንደ ኢሊር የሚያውቀው የለም። ሲሚንቶ ሲያመጡለት፣ «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል» ብሎኝ መለሰው። እንደ ጥንቶቹ ሸክላ ወቅጦ ከኖራ ጋር ይለውሳል። ጉልላቱን የተሸከሙት አራቱ የእብነበረድ ዓምዶች ከጣዖት ቤት የመጡ መሆናቸውን፣ አንደኛው ተዘቅዝቆ መቆሙን ያሳየኝ እሱ ነው። ሰባ ዓመት ስሳለመው አላየሁትም ነበር።

ትናንት ፖሊስ ወሰደው። ሰኞ ድንበር ያሻግሩታል። ሚስቱ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዳቦ ሰጥቻት አለፍኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አታንብቢ። ቀኝ ዓይንሽን ኦፕራሲዮን የምትሆኚው ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24 ቀን ነው ብለሽኛል። እዚህ ፖስታ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት አለ። ዋዜማውን በውሃ በጥብጠሽ ጠጪው፤ አትጸየፊው። የቅድስቲቱን ዓይን ማክሰኞ ማለዳ በቢላ የፋቅኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ሳይሠራ ከተናገሩት ይረክሳል ይላሉ፤ ስለዚህ እስከዚያ ሐሙስ አፌን ዘግቻለሁ። ሊኩርጎስ አስጠላኝ ብዬ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ከሱ የባስኩት እኔ ነኝ።

ቅድስቲቱ ብርሃንሽን ትመልስልሽ፣ ጨለማ አይንካሽ። ዓይንሽ ሲበራ ግን እኔን ለማየት አትቸኩዪ።

እናትሽ ስታማትያ