ለቤት ጽ/ቤት ቤት ስንፈልግ

ሰኞ ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡30

የእትዬ ዘሃራ የስፌት መኪና ከግድግዳው ወዲያ ጀምሯል። ሰዓቴ እሱ ነው። ሲጀምር ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሲቆም እወጣለሁ። ለፒያሳ ሱቆች ቆብ ይሰፋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚችው ክፍል ውስጥ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። እኔ ከኮምቦልቻ ተዛውሬ ጎረቤታቸው ከሆንኩ ገና አምስት ወሬ ነው። ከእሳቸው ሌላ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ ደብተሬ። መ/ቤት «ባለሙያው» ነኝ።

አዲሱን ጽ/ቤታችንን ክልሉ ያቋቋመው ቤት እንዲበዛ፣ ኪራይም የሰው አቅም ላይ እንዲወርድ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ። ሠራተኛው ሦስት፦ ኃላፊው (በዕድሜ ታናሼ)፣ የፋይናንሷ ወ/ሮ ሙሉ፣ እኔ። የተቀመጥነው የሌላ መ/ቤት መጋዘን ውስጥ፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሃል። የቤት ጽ/ቤት ሆነን ቤት የለንም። ያስቃል። ስቄ ነበር፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ቶሎ አቆምኩ።

ማክሰኞ ኅዳር 9

የቤት ፈላጊዎችን መመዝገቢያ ቅጽ እያረቀቅኩ ነው። ስም። የቤተሰብ ብዛት (የኔ፦ 1)። «ቤት የፈለጉበት ምክንያት» የሚል ሳጥን ጨመርኩ። ኃላፊው ምን ያደርጋል አለ፤ ሰው ቤት የሚፈልገው ሊኖርበት ነው፣ ሌላ ምን ምክንያት አለው? አላወጣሁትም። ግትር ነኝ፣ በማይረባው ነገር ብቻ።

ከሰዓት ለራሳችን ቤት ፍለጋ። ፒያሳን በእግር፣ የቀረውን በባጃጅ። አከራዩ መንግሥት መሆናችንን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። በጀት እስኪለቀቅ ማን ይጠብቃል ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ኅዳር 11

ቤት ተገኘ። አድራሻውን ሰማሁ። የኛው ግቢ! አከራያችን ሐጂ ሰይድ ስድስቱንም ክፍል ባንድ ውል ሊሰጡ ተስማምተዋል፤ ከስድስት ተከራይ ጋር ከመነታረክ ይሻለኛል ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም። አርጅተዋል፣ ደክሟቸዋል። ተከራይ በወሩ መጨረሻ ይወጣል።

ቃለ ጉባዔው ቀረበ። ኃላፊው ፈረመ፣ ወ/ሮ ሙሉ ፈረመች። እዚያ እኔም እኖራለሁ፣ እትዬ ዘሃራም ይኖራሉ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደረሰ። እስክሪብቶውን ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ለምን? ለራሱ ብሎ ነው እንዳይሉኝ? መጋዘኑ መርሮኝ? አላውቅም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

11 ሰዓት። እትዬ ዘሃራ በር ላይ ጠበቁኝ። «ቤት የሚያድል መሥሪያ ቤት ገብተሃል አሉ፣ ጌቾ! ወላሂ ደስ አለኝ። እኔንም መዝግበኝ እንግዲህ። አንዲት ክፍል፣ የራሴ።» ቢሯችሁ የት ነው አሉኝ። ገና አልታወቀም አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ፣ ደብተሬ።

ቅዳሜ ኅዳር 13

በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። ሙቀቱ ደስ ይላል። በእናቴ ቤት በር አለፍኩ፤ ስትሞት ከወንድሞቼ ጋር ሸጠን ተካፍለነዋል። ገመዱ ላይ የማላውቀው ሰው ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት ብቅ ብላ ማንን ፈልገህ ነው አለችኝ። ማንንም አልኳት። አንድ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። የወረድኩት የስፌቱን ድምፅ ላለመስማት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ናፈቀኝ።

ሰኞ ኅዳር 15፣ 11፡30

ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳቸው። በራቸው ላይ ቆሜ፣ ሁሉንም፦ ግቢውን፣ የወሩን መጨረሻ፣ ፊርማዬን፣ ውሸቴን። ስድብ ጠብቄ ነበር። መኪናውን አቆሙ። የያዙትን ቆብ አገላበጡ። ያ አላህ፣ አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፦

«አንተስ የት ልትገባ ነው?»

ይህን የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አለቀስኩ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ። አብሽር ይሉኛል፣ ይባስ ብሎ። የሚባረሩት እሳቸው፣ የሚጽናናው እኔ!

ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። ስም። የቤተሰብ ብዛት፦ 1። ቤት የፈለጉበት ምክንያት፦ «የምኖርበት ክፍል ለዚሁ ጽ/ቤት ቢሮ እንዲሆን ስለተወሰነ።» አነበብኩላቸው።

«ይኸን ጽፈህ እንጀራህን አይዘጉብህም?»

ይዘጉ ይሆናል። ቃለ ጉባዔው ላይ ማህተሙ ነገ ያርፍበታል ብሏል ኃላፊው። ከዚያ ወዲያ ብናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ነገ 2 ሰዓት ላይ፣ ከማህተሙ በፊት፣ ፊርማዬን ማንሳቴን በጽሑፍ አስገባለሁ። የእትዬ ዘሃራ ቅጽ፣ ቁጥር 1፣ አባሪ ሆኖ። ባይሰሙኝ እንኳ የመዝገባችን የመጀመሪያ ስም እኛው ያስወጣነው ሰው ስም ይሁን። ይዩት።

ቅጽ ቁጥር 2ንም ሞላሁ። ስም፦ ጌታቸው። የቤተሰብ ብዛት፦ 1። ምክንያት፦ ከላይ እንደተጠቀሰው።

እትዬ ዘሃራ መብራት አብርተው ወደ ስፌታቸው ተመልሰዋል። ለነገ የሚያስረክቧቸው ቆቦች አሉ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አስጠግቻለሁ። ነገ ጠዋት ግን መኪናው እስኪቆም አልጠብቅም።