በአንተ ክንድ የተለካ መሪ

ይድረስ ለተከበሩ የሞተር ሊቅ፣ ለቀውላላው ጓደኛዬ፤

አንተ ባስተካከልክልኝ የሞተር ሳይክል መሪ ይኸው ሰባት ቀን ሙሉ ነዳሁ። እጅህ ይባረክ! ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ትከሻዬ ጆሮዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። "ወገቤን ያመኛል" ብለህ ከጉዞው ቀርተህ አልነበር? ደስ ይበልህ፣ ሕመሙ እኔ ዘንድ በሰላም ገብቷል።

ዛሬ እዚህ የደረስኩባት ከተማ አንዲት ጠና ያሉ መካኒክ አገኘሁ። ያኔ እናንተ ግቢ መሪውን ስታስር፣ አንተ ሞተሩ ላይ ተኮፍሰህ ብሎኑን ስታጠብቅ፣ እኔ ከኋላ ደግፌ ቆሜ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አስቀመጡና፣ "ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ዘርጋ" አሉኝ። ዘረጋሁ። ዓይኔን ስገልጥ መሪው ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል።

"ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረልህ?"

"የሰፈራችን ሊቅ።"

"ሰውየው እኮ አልተሳሳተም ልጄ። ለራሱ ክንድ ነው ያሰረው። እንዲህ አብሮህ መምጣት እየፈለገ ምን አስቀረው?"

"ወገቡ" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

አሁን መሪው ልኬ ሆኗል። አንተ ያሰርክበትን ቦታ ግን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ጣቶቼ ነፍስ እስኪዘሩ እዚሁ ነኝ፤ ይህ ፖስትካርድ በደረሰህ ማግስት አውቶቡስ ተሳፈር። የመልሱን መንገድ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከኋላ። ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ እህትህንም ሰላም በልልኝ። ወገብህንም ይዘህ ና፤ መካኒኳ የብሎን መፍቻቸውን ይዘው እየጠበቁት ነው።