የወይዘሮ ዳሲቱ በር፦ የአቶ ቀናው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ቀናው ተሰማ ከአባታቸው ከሐዲድ ሠራተኛው ከአቶ ተሰማ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይቱ ገብሬ፣ ጥር 4 ቀን 1931 ዓ.ም. በሞጆ ጣቢያ የሠራተኞች ሠፈር ተወለዱ። በዚያ ቀን ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ግማሽ ቀን ዘግይቶ ስለነበር፣ ልደታቸው በተነሣ ቁጥር «እኔስ በሰዓቴ ደርሻለሁ፤ የዘገየው እሱ ነው» ይሉ ነበር። የሞጆ ልጅ ሁሉ ባቡር ይወዳል፤ የእሳቸው ግን ከልክ ያለፈ እንደነበር እናታቸውም ባለቤታቸውም መስክረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ከነበሩት መምህር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ፈረንሳይኛውን ግን በክፍል ውስጥ አላገኙትም። ከባቡር ነጂዎች አፍና ከጭነት ወረቀት ላይ ለቃቅመው ያወቁት ነው፤ ስድቡን ቀድመው ሰላምታውን በኋላ እንደተማሩ ራሳቸው አምነዋል።

በ1949 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በምድር ባቡር ተቀጠሩ። በ1951 ዓ.ም. ወደ አቃቂ ጣቢያ ተዛወሩና በትኬት ሻጭነት፣ በቴሌግራፍ ሠራተኛነት፣ ኋላም በጣቢያ ሹምነት፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። ደግ ዘመን ነበር። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ፣ ሠራተኛው በሐዲዱ ዳር ሲጎርፍ፣ የደብረ ዘይት እንግዳ ዶሮውን ታቅፎ ከፉርጎ ሲወርድ፣ አባታችን ኮፍያቸውን አጥብቀው መድረኩ ላይ ይቆሙ ነበር። ወባ ይዟቸው በሚንቀጠቀጡበት ሳምንት እንኳ ኮፍያው ከራሳቸው አልወረደም።

በ1956 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ከነበረችው ከእናታችን ከወይዘሮ ወርቅውሃ መንገሻ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በምድር ባቡር ሠፈር ጎጆ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. ወንድሜን ካሳሁንን፣ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትን እኔን አቻምየለሽን ወለዱ። ቤታችን ከሐዲዱ ሃያ እርምጃ ስለሚርቅ ብርጭቆ በመደርደሪያ ላይ ሲንቀጫቀጭ ነው ያደግነው።

በ1967 ዓ.ም. ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ መካኒክ በካርቶን የታሸገ የኤሌክትሪክ መጫወቻ ባቡር ሰጣቸው፤ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጎታች ባቡር፣ አራት ፉርጎ፣ የሚገጣጠም ሐዲድ። ካርቶኑ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀመጠ። እኔና ካሳሁን አንድ ቀን እንኳ እንድንጫወትበት አልተፈቀደልንም፤ ይህን እስከዛሬ አልረሳንላቸውም።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ካርቶኑን አወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎናችን ሳሎን መሆኑ ቀረ። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የጣውላ ጠረጴዛ ቤቱ ውስጥ ሠሩና፣ በበሩ የማይወጣ መሆኑ የታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። በላዩ ላይ፣ ከጣቢያው ጀርባ የነበረው መንደር ፈርሶ መጋዘን ከመሠራቱ በፊት የነበረውን አቃቂ ሊሠሩ ተነሡ። ጋራው ጋዜጣና ጄሶ ነው። ወንዙ ከሥሩ ቀለም የተቀባ መስታወት ነው። የጣቢያውን ቆርቆሮ ጣሪያ ከሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት በማበጠሪያ እየተጫኑ አወጡት፤ ዛፉን ከደረቀ ጦስኝ፣ የጎጆውን ክዳን ከመጥረጊያ ጭራሮ። አፈሩን ግን ሌላ ነገር አይተካውም ብለው እውነተኛውን የአቃቂ መረሬ በወንፊት ነፉ። እናታችን በር ላይ ቆማ «ሰውዬው የተጋባው ከእኔ ነው ወይስ ከሐዲዱ?» ትል ነበር፤ ጭራሮውን ግን መርጣ የምታቀርብላቸው እሷው ነበረች።

የሠሩትን ደግሞ ፎቶ ያነሡታል። ካሜራውን በመጽሐፍ ደግፈው ከጠረጴዛው ጋር ያስተካክሉታል፤ የመስኮቱን ፀሐይ በፊት መስታወት ይመልሱና በጎጆዎቹ ላይ ያወርዱታል፤ ቅርቡም ሩቁም ጥርት እንዲል የካሜራውን ቀዳዳ አጥብበው ለብዙ ሰከንድ ይከፍቱታል። በዚያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ መራመድ ክልክል፣ ማሳል ክልክል፣ በር መክፈት ክልክል ነው። እውነተኛው ባቡር ካለፈ ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ ፎቶው ይበላሻል፤ ስለዚህ የባቡሩን ሰዓት ጠብቀው ነበር የሚያነሡት። በኋለኞቹ ዓመታት ባቡሩ እየቀረ ሲሄድ ፎቶው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣ ጀመር፤ እሳቸው ግን ጥራቱን እያዩ ይተክዙ ነበር። ሳሪስ ፊልም የሚያጥብላቸው ሰው ለሁለት ዓመት ያህል እውነተኛ አገር መስሎት ኖሮ፣ «አባባ፣ ይህ ቦታ መሬት ይገኛል?» ብሎ ጠይቋቸዋል።

እናታችን በ1990 ዓ.ም. አረፈች። አባታችን ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ጨመረ። እውነቱን ለመናገር እኔ ጠረጴዛው ተሰንጥቆ እንዲወጣ ከወተወቱት ሰዎች የመጀመሪያዋ ነበርኩ።

በ1992 ዓ.ም. ከፎቶዎቹ ምርጡን ትልቅ አድርገው አሳጠቡና በመስታወት አስገብተው ለወይዘሮ ዳሲቱ ሰቦቃ ወሰዱላቸው። ወይዘሮ ዳሲቱ ከጣቢያው ጀርባ በነበረው የገበሬዎች መንደር ከባለቤታቸው ከአቶ ኦላና ጋር ይኖሩ የነበሩ፣ ለሠፈራችንም በየጠዋቱ ወተት ያመጡ የነበሩ እናት ናቸው። መንደሩ በ1974 ዓ.ም. ለመጋዘን ሲፈርስ ወደ ቃሊቲ ወደ ቀበሌ ቤት ገቡ። የቤታቸው ፎቶ አንድም አልነበራቸውም። አባታችን እሳቸውን ደስ ሊያሰኙ ነበር የሄዱት፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

ወይዘሮ ዳሲቱ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «በሩስ?» አሉ። አባታችን አልገባቸውም። «ይሄ እኮ የቤቴ ጀርባ ነው አቶ ቀናው። በሩ የታለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ሰው የባቡሩን አቧራና ጩኸት ሽሽት ቤቱን ሁሉ የሠራው ጀርባውን ለጣቢያው ሰጥቶ ነበር። አባታችን ያንን መንደር ሃያ ሦስት ዓመት ያዩት ከመድረኩ ላይ ቆመው ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ፊቱን ወደ ባቡር ያዞረ መስሏቸው ኖረ። ሃያ ሦስት ዓመት የዳሲቱን ወተት ሲጠጡ ደጃቸውን ረግጠው አያውቁም። ይህን እዚያው ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከአፋቸው አወጡት።

ወይዘሮ ዳሲቱ የፈለጉት በር ግን እንዲሁ በር አልነበረም። የበኩር ልጃቸው ፈየራ በ1969 ዓ.ም. ወታደር ሆኖ በዚያ በር ወጥቶ ከአቃቂ ጣቢያ በባቡር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። አቶ ኦላና እስኪሞቱ ድረስ ሲጠብቁት ኖሩ። ወይዘሮ ዳሲቱ ልጃቸውን አልቅሰውት አያውቁም። «መርዶ የሚነገረኝ የለ፣ የወጣበት ቤት የለ፣ የት ተቀምጬ ላልቅሰው?» አሉን። ያን ቀን ባቡሩን ባንዲራ አውለብልበው የለቀቁት አባታችን ነበሩ። ባቡሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ እንደነበር ወዲያው አስታወሱ። ልጁን ግን ምንም ቢያስቡ ማስታወስ አልቻሉም።

ቤት ገብተው እራት አልበሉም። በማግስቱ ያንን ሁሉ የተደከመበትን መንደር ከጠረጴዛው ላይ በቢላ ፈነቀሉት። እኔ «አባዬ፣ ምን ነካዎት?» ብዬ ጮህኩ። «ጀርባውን ነው የሠራሁት» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በየቅዳሜው ደብተር ይዘው ቃሊቲ ይወርዱ ነበር። ወይዘሮ ዳሲቱን ቀድሞ አንቺ ይሉ የነበሩት ሰውዬ አንቱ ማለት ጀመሩ። ስለ አጥሩ፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ግራሩ ሲከራከሩ ይውላሉ። ወይዘሮ ዳሲቱ በሜትር ማሰብ አይወዱም። «ይሄ መተላለፊያ ስንት ይሆናል?» ሲሏቸው «ላም ከነጥጃዋ የምታልፍበት ነዋ!» ይላሉ። አባታችንም የላምና የጥጃ ስፋት ለመለካት ገላን ድረስ ሄደው፣ የላሟ ባለቤት ገዢ መስለውት ዋጋ ሲጠራላቸው በስንት መከራ ተላቀው መጥተዋል።

በ1995 ዓ.ም. ዓይናቸው ውስጥ ግፊት እንዳለና ብርሃናቸው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ሐኪም ነገራቸው። ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት እንደቀራቸው። በ1998 ዓ.ም. ወረንጦ መያዝ ሲያቅታቸው ወረንጦውን እኔ ያዝኩት። ጠረጴዛው ይውጣ ስል የነበርኩት ሴት ከሥራ መልስ ጎንበስ ብዬ የመጥረጊያ ጭራሮ አንድ በአንድ ስተክል ካሳሁን አይቶኝ ሆዱን ይዞ ስቋል። አባታችን በጣታቸው ዳስሰው «ይቺ ዘማለች፣ ንቀያት» ይሉኛል። ብዙ ተጣልተናል። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ያን ያህል የተቀራረብኩበት ጊዜ የለም።

የመጨረሻው ክርክር በካሜራው ቦታ ላይ ነበር። በሩ እንዲታይ ካሜራው ግቢው ውስጥ መግባት አለበት፤ ካሜራው ግቢው ውስጥ ከገባ ደግሞ ባቡሩ ከቤቱ ጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል። አባታችን ለመኑ። የአንድ ፉርጎ ጣሪያ እንኳ ከክዳኑ በላይ ብቅ ቢል ምናለበት አሉ። ወይዘሮ ዳሲቱ ፈቃደኛ አልሆኑም። «እኔ ባቡሩን አላየሁትም። በሬ ላይ ቆሜ ጡሩምባውን ነው የሰማሁት» አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ባቡር ሲቀበሉና ሲሸኙ ለኖሩ ሰው ቀላል አልነበረም፤ ግን እሺ አሉ። ባቡሩን ራሳቸው አነሡና ወደ ካርቶኑ መለሱት።

ፎቶው የተነሣው ግንቦት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አባታችን ምንም አያዩም ነበር። ካሜራውን እኔ አቀናሁ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰከንዱን ጮክ ብለው ቆጠሩልኝ፤ አሥራ ስምንት ሲሉ ዘጋሁት። ባቡር ከመጣ ብዙ ጊዜው ስለነበር የሚያንቀጠቅጠን አልነበረም።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዳሲቱ ቤታችን መጡ። ፎቶውን ሰጠኋቸው። አባታችን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ተሳሳትኩ እንዴ?» አሉ። ወይዘሮ ዳሲቱ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ፈየራ! ፈየራ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ሠላሳ አንድ ዓመት የታመቀ ለቅሶ ነበርና ሠፈሩ ሁሉ ሰማው። አባታችን የልብ ሕመም እንዳለባቸው ስለሚታወቅ ጎረቤቱ እሳቸው የሞቱ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ደረሰ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያወጡ ሰው ልከው ነበር። ገብተው ሲያዩ አባታችን ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ማን ነው የሞተው?» ተባለ። አባታችን «ፈየራ ኦላና ነው፤ የወይዘሮ ዳሲቱ ልጅ። እኔ ነኝ የሸኘሁት» አሉ። ከመጣው ሰው ልጁን የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል፤ ግን አንድም ሰው ተመልሶ አልሄደም። አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰው ሁሉ እስኪመሽ ድረስ ከወይዘሮ ዳሲቱ ጋር ተቀመጠ። አባታችን እየተመሩ ወደ እሳቸው ሄደው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ አባታችን ብዙ አልቆዩም። ቀድሞም የነበረባቸው የልብ ድካም ጸንቶባቸው ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ሰኔ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳለን ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ወይዘሮ ዳሲቱ ሰቦቃም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል።

አባታችን ስለ ቀብራቸው ያዘዙን አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈየራ ኦላና ፍትሐት ተደርጎለት ስላልተቀበረ፣ ስሙም በደብር ተጠርቶ ስለማያውቅ፣ የእሳቸው ታሪክ ሲነበብ የእሱም ስም አብሮ እንዲነበብ። ስለዚህ እንላለን፦ የቸርነት አምላክ የአገልጋዩን የቀናው ተሰማን ነፍስ፣ የፈየራ ኦላናንም ነፍስ፣ ከወዳጆቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን። አሜን።