ግድግዳዬን የከፈትኩ ሰሞን

ጥቅምት 6
ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። ቃሉ የኔ ነው። «አሳምሬ ልጻፈው አባባ?» አለችኝ። አታሳምሪ፣ እንደወጣ ጻፊው አልኳት። ይህንንም ጻፊው።
ዛሬ ምንም የለም። ጉልበቴ ያው ነው። የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣሁ። ሁለተኛ ክፍል ናት። «ዛሬስ አነበብሽ?» «ተራዬ አልደረሰም።» ትናንትም አልደረሰም፣ ባለፈው ሳምንትም... ሰባ ስምንት ልጅ ባንድ ክፍል! አስተማሪዋስ ምን ታድርግ? አፏ አንድ ነው።

ጥቅምት 9
ወላጆች ተሰበሰብን። ርዕሰ መምህሯ ደብዳቤ አነበበችልን። መንግሥት ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ሊደግፍ ነው። ታች ክፍሎች ላይ ካርባ ልጅ በላይ አይቀመጥም፤ ለሚጨመረው ክፍል አስተማሪ ይልካል። ተጨበጨበ።
ከዚያ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ ሁለተኛ ክፍልን ሊያይ ገባ። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ሁለተኛ አስተማሪ ቢመጣ ብለን መሐሉን በኮምፔንሳቶ ከፍለነዋል። ኮምፔንሳቶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ሳቀ።
«በሩ ስንት ነው?»
«አንድ።»
«አንድ በር፣ አንድ ክፍል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሁለተኛ በር ከሌለ የምትጨመረው አስተማሪ ለሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።»
ሲሚንቶ ተነሣ። ሲሚንቶ የሚሉት ወጣቱን ግንበኛ ነው፤ ምላሱ ቶሎ ይደርቃል። «ጣሪያውን የተሸከመው ይኼ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ጉበን ሳይኖረው ብንቀደው ልጆቹ ላይ ይወርዳል» አለ።
ምራቴ ጉበን ምንድን ነው ትለኛለች። ከበር በላይ የሚጋደመው ድንጋይ ነዋ! የግንበኛ ምራት ሆና...
ያን ግድግዳ የገነባሁት እኔ ነኝ። ጉበን አለው አልኩ። ሳቁ።

ጥቅምት 10
አለው። ያኔ የታዘዝኩት ሁለት በር ነበር። ጉበኑን ከጫንኩ በኋላ አሠሪው መጣና «አንዱን ድፈነው፣ ዕቃ ቤት ላደርገው ነው» አለ። ደፈንኩት፤ ለሰንኩት። አርባ ዓመት ሆነው። አሠሪው ሞቷል፣ አብረውኝ የሠሩትም ሞተዋል። ምስክር ከየት ላምጣ? ግን ከማዕዘኑ አሥር ክንድ ነው። ክንዴም ያው ክንዴ ነው።

ጥቅምት 14
ሳትኩ። ጻፊው።
አሥር ክንድ ለክቼ ልስኑን አስነሣሁ። ድፍን ድንጋይ። ወደ ላይ ብንል ድንጋይ፣ ወደ ጎን ብንል ድንጋይ። «አባባ፣ ጉበኑ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል» አለ ሲሚንቶ። ሰው ሁሉ ተንከተከተ። ርዕሰ መምህሯ እስከ ውጭ ድረስ ተከትላኝ «ስለሞከሩ እናመሰግናለን» አለች። ምስጋናው ከሳቁ ባሰብኝ።
የልጅ ልጄ እጄን ያዘችኝ።

ጥቅምት 15
የኔ ማዕዘን አይደለም! አይደለም!
በጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ግድግዳው በውጭም ተለስኗል፤ የመሠረቱ ድንጋይ ግን ራቁቱን ነው። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ይኼ የማን ሥራ ነው? ሳይጠረብ የተወተፈ ድንጋይ፣ ጣት የሚያስገባ መጋጠሚያ... እኔ እንዲህ አልገነባም። ሌላ አገር ስሠራ ዕቃ ቤቱን አስረዝመውታል ለካ! አራት ክንድ ቀጥለውበታል። እኔም ከሰው ማዕዘን ለክቼ እሰደባለሁ።
ከራሴ ማዕዘን ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት... አሥር። በመዶሻ መታ መታ አደረግኩ። ድምፁ ተለወጠ።
«ሲሚንቶ!» ብዬ ጮህኩ። እዚህ ድረስ ተሰማ ትላለች ምራቴ።
ረፋድ ላይ ጉበኑ ወጣ። አንድ ወጥ ድንጋይ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ እንደጫንኩት። ሲሚንቶ ቆቡን አወለቀ። «አባባ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ።» አትውደቅ፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አውጣ አልኩት።

ጥቅምት 23
በሩ ተገጠመ። ኮምፔንሳቶው ተነሥቶ መሐሉ በብሎኬት ተዘጋ። ሲሚንቶ ነው የሠራው። አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቴ አስፈረስኩት። አሁን ቀጥ ብሏል።

ጥቅምት 29
የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ መጣ። ባንዱ በር ገባ፣ ወጣ። በሌላው ገባ። ጉበኑን ቀና ብሎ አየ።
«ይይዛል?»
«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ይዟል።»
ፈረመ።

ኅዳር 12
አዲሷ አስተማሪ ከመጣች ሳምንት ሆናት። ሠላሳ ዘጠኝ ወዲህ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ወዲያ። ዛሬ የልጅ ልጄ አኩርፋ ወጣች። ማን ነካሽ?
«ቲቸር ናታ! ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ኋላ ብቀመጥም ታየኛለች። መደበቂያ እኮ የለም አባባ!»
መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ገንብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ያገኘሁበት ሥራ የለም። ይኼው አሁንም እንዳኮረፈች ጎኔ ተቀምጣለች።
በቃ ምራቴ፣ ብዕሩን አስቀምጪ። ደብተሩን ለሷ ስጫት፣ ከላይ ጀምራ ታንብብልኝ። ቃል ቢያቅታት እንዳትነግሪያት። እጠብቃታለሁ።