የሰውን ጀርባ ሲያዩ የኖሩት የእትዬ ጥላ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ጥላ ከቤት ክዳን ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ነኝ። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን ክብራቸውን አልነፍጋቸውም፤ እስካሁን የነፈግኳቸው ይበቃል።

ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ አባታችንን ተከትለው ጣሪያ ላይ ይወጡ ነበር። ባርኔጣ የለ፣ ምን የለ፣ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብለው ሚስማር ያቀብላሉ። እኔ ትንሽ ነሽ እየተባልኩ ከታች እቀራለሁ። አባታችን "የኔ ቀኝ እጅ" እያሉ ሲጠሯቸው ስሰማ አንጀቴ ያርር ነበር።

በ1963 ዓ.ም. አባታችን የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ቁስል ወጣ። ብርድ የላጣቸው መስሎን ዓመት ሙሉ ቫዝሊን ቀባንላቸው። ፀሐይ ያመጣው ካንሰር መሆኑ የታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው። እትዬ ጥላም በዚያው ኀዘን ነርስነት ተምረው በ1970 ዓ.ም. በቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከስድስት ቁጥር ክፍል አልወጡም።

ፀሐይ የጎዳውን ቆዳ ከዓይናቸው በፊት ጣታቸው ያውቀው ነበር። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቦታ ካገኙ በቅባት ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ያስነሡታል። በወር ያልዳነ ቁስልና መልኩን የቀየረ ጥቁር ነጥብ ግን ለምርመራ ናሙና ሳይወስዱ አያልፉም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሰላም ሳይሉ ወደ ጥላ ይጎትቱት ስለነበር ስማቸው እትዬ ጥላ ሆኖ ቀረ።

በ1974 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሹፌሩን ቀድሜ ያየኋቸው እኔ ነኝ። የፊተኛውን ወንበር እየተሻማሁ ዓመት ሙሉ ፈገግ ስልላቸው ከርሜአለሁ፤ ልብም አላሉኝ። እትዬ ጥላ ግን በመስኮት በኩል ያለው የሹፌሩ ክንድ ከሌላኛው ይልቅ መጨማደዱን አይተው ቅባት ሰጧቸው፣ በስድስት ወር ውስጥ ተጋቡ። ባለቤታቸው እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙ ነው፤ ይስሙ! አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቹም ወግ ነውና እናታቸውን መሰሉ።

እትዬ ጥላ ታካሚ ሁሉ የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ እንዲመጣ ያዝዙ ነበር። ያንን ሰው "ተመልካች" ይሉታል። ሥራው በየወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ታካሚው ራሱ የማያየውን ጀርባ፣ ማጅራትና ከጆሮ ኋላ ማየት ነው። ለራሳቸው ተመልካች ያደረጉት ግን እኔን ሳይሆን ከቤታቸው ሥር ሱቅ የተከራየችውን ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኗ መርፌ የለመደ ነው አሉ። እኔ የእናታቸው ልጅ እያለሁ ጀርባቸውን ለባዕድ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋን ሰላም ብያት አላውቅም።

በ2008 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጇ ከተማ ሄደች። ባለቤታቸው በስኳር ምክንያት ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጆቹ ርቀዋል። እትዬ ጥላ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ "እስቲ አንቺ እይልኝ፣ እቴ" አሉኝ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው። እኔ ግን፣ "ለልብስ ሰፊሽ ፎቶ ላኪላት" አልኳቸው። ሳቁ። ደግመው አልጠየቁኝም፣ እኔም እንዲለምኑኝ ስጠብቅ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ2011 ዓ.ም. በልጃቸው ሠርግ ዋዜማ ፀጉር ሠሪዋ ከቀኝ ጆሯቸው ኋላ ቅርፊት ያለው ቁስል አገኘች። እሳቸውም ሲዳስሱት ያውቁ ኖሯል፤ መነጽር ነው የላጠኝ ብለው ትተውታል። ታካሚ እንዲህ ቢላቸው ኖሮ ይቆጡት ነበር። የጣሪያው ፀሐይ ነበር ከሃምሳ ዓመት በኋላ የወጣው። ካንሰሩ ወደ አንገታቸው ዕጢ ወርዶ ስለነበር ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም አላስቆመውም።

አልጋ ላይ እያሉ እንድዞርላቸው አዘዙኝ። በደከመ ጣታቸው ማጅራቴን፣ ጆሮዬን፣ ግንባሬን ዳሰሱና ግራ ጆሮ ግንዴ ላይ የሚሻክር ቦታ አገኙ። በማግሥቱ ክሊኒክ ሄጄ በሦስት ደቂቃ ቅዝቃዜ ተነሣልኝ። የእሳቸውም ገና ሲጀምር ቢታይ ኖሮ ይኸው ነበር። አንድም ቀን ይህን አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጥላ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ ባለንበት በ64 ዓመታቸው አረፉ። ልብስ ሰፊዋም ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ለቀብሩ መጥታ ይኸው ከበሩ አጠገብ ቆማለች። እህቴን ከእኔ በላይ አይታታለች፤ እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ። ሆኖም የፊታችን እሑድ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አኖርላታለሁ፤ ጀርባዬን እንድታይልኝ ነው።

ሰውን ከፀሐይ ሲከልሉ ለኖሩት ለእትዬ ጥላ ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊ ጥላ ይዘርጋላቸው፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።