የአሮጌው ምድጃ ነገር

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ሰውነትህስ እንዴት ይዞሃል? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም «አቧራ ነው፣ ምንም አይደል» እያልክ ታልፈዋለህ? እማዬስ እንዴት ናት? ባለቤትህ እቴቴና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው። የጎደለኝ ያንተ ድምፅ ብቻ ነው።

የፋብሪካችሁ ምድጃ ሊጠፋ መሆኑን በሬዲዮ ከሰማህ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። እቴቴን ብጠይቃት «እህቴ ምድጃዬን አስጠፋችብኝ ብሎ አኩርፏል» አለችኝ። ማኩረፍህ አልገረመኝም። በስልክ ከሆነ ደግሞ ሁለታችንም ትዕግሥት የለንም፤ ሳንጨርስ ነው የምንነካከሰው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ መረጥኩ። ቀድሜ ያልነገርኩህ ውሳኔው በይፋ ሳይወጣ ለቤተሰብ መናገር ስለማይፈቀድልኝ ነው።

ሥራዬን «የሰው ገንዘብ ጠባቂ» እያልክ ትቀልድበታለህ። እውነትህን ነው። የጡረተኞች ቁጠባ ተሰብስቦ ይሰጠንና በየኩባንያው አክሲዮን እንገዛበታለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርጅታችን ለነዚህ ሰዎች አንድ ቃል ገባ፤ ገንዘባችሁ ያረፈባቸው ኩባንያዎች የሚለቁትን ካርቦን በግማሽ እናወርዳለን አለ። የኔ ሥራ በየዓመቱ ያንን ልቀት ማስላት ነው። ዘንድሮ ስሌቱን ስጀምር ከሁሉም በላይ የሚያጨሰው ያንተ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በተለይም አሮጌው ምድጃ፣ ሆኖ አገኘሁት።

የዚያን ቀን ከሰዓት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። በሌለችበት «ሚዛን» የምንላት ሴት ናት፤ «እንዴት አደርሽ» ስትባል እንኳ መዝና ነው የምትመልሰው። «ወንድሜ እዚያ ምድጃ ላይ ነው የሚሠራው» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝና፣ «እንኳን ነገርሽኝ። ከአሁን ጀምሮ ስሌቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ድምፅም አትሰጪም። የምትናገሪው ካለሽ ግን ስብሰባው ላይ የወንድምሽን ነገር አስቀድመሽ ትናገሪያለሽ» አለችኝ።

ሥራውን የተረከበኝ ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን ስለሆነ «ጥይቱ» እንለዋለን። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ስብሰባው ላይ «መፍትሔው ቀላል ነው፤ አክሲዮኑን እንሽጠው። ቁጥራችን ባንዴ ይወርዳል፣ ቃላችንም ይጠበቃል» አለ። ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገዢውም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ስለ ጭስ ጠይቆ የማያውቅ ነጋዴ።

ተነሳሁ። መጀመሪያ ያንተን ነገር ተናገርኩ። ከዚያ፣ «ብንሸጠው ጭሱ ከኛ ወረቀት ላይ ይጠፋል እንጂ ከሰማይ ላይ አይጠፋም። እናቴ ዛሬም ልብስ የምታሰጣው ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታ ነው። ባለድርሻ እስከሆንን ምድጃውን ቀይሩ ማለት እንችላለን፤ ከሸጥን በኋላ ማን ይሰማናል?» አልኩ። ጥይቱ ዞር ብሎ፣ «ባንሸጥስ? ዘንድሮ ቃላችንን አላከበርንም ብለን ለጡረተኞቹ ልንጽፍ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ልክ ነበር። የመለሰችለት ሚዛን ናት። «አዎ፣ እንጽፋለን። በኔ ስም ይውጣ» አለች።

አክሲዮኑ ሳይሸጥ የቀረው እንዲህ ሆኖ ነው። ደብዳቤው ከወጣ ወዲህ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ድርጅት የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ ሚዛንም ከላይ ያሉት ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮባታል። ፋብሪካው ግን ከኛና ከሌሎቹ ባለድርሻዎች ጋር ብዙ ከተነጋገረ በኋላ አሮጌውን ምድጃ አጥፍቶ፣ ያን ያህል ድንጋይ ከሰል የማይበላ አዲስ ሊተክል ተስማማ። ተከላው እስኪያልቅ ደሞዝ እንዳይቋረጥ፣ ነባር ሠራተኞችም ለአዲሱ እንዲሠለጥኑ ውል ገብቷል። እስከመጨረሻው ይጠበቅ አይጠበቅ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ላባብልህ አልፈልግም።

አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ «ዝም ብል ኖሮ ወንድሜ ሥራው ላይ እንዳለ ነበር፤ እኔንም አያኮርፈኝም ነበር» እላለሁ። ያንን ምድጃ ከጉርምስናህ ጀምሮ እንደ ቤትህ ሰው ነው የያዝከው። አባታችን ከሞተ በኋላ የበላነውም የለበስነውም ከሱ እሳት ነው፤ ይህን ስናገር እንዳታማኝ፣ አልረሳሁም። ግን ደግሞ ባለፈው ስመጣ ደረጃ ላይ ቆም ብለህ ትንፋሽህን ስትሰበስብ አይቼሃለሁ። አለማየቴን እንድታምን ፊቴን አዞርኩ እንጂ አይቼሃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ሳስበው፣ ዛሬም ብጠየቅ የምናገረው ያንኑ ነው። ቅር የሚለኝ ከኔ አፍ ሳትሰማው ከሬዲዮ መስማትህ ነው።

ምድጃው የሚጠፋበት ቀን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ከድርጅታችን የሚላኩ እንግዶች ይኖራሉ፤ የደህንነት ቆብ ደፍተው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ከነሱ ጋር አልቆምም። እሳቱ ሲበርድ አጠገብህ መሆን ነው የምፈልገው። ባታናግረኝም ግድ የለም፤ ጠጋ በልልኝና የምቆምበት ቦታ ስጠኝ።

እማዬን እጇን ሳምልኝ። እቴቴን «በመሃላችን ሆነሽ ወዲህም ወዲያም ስትባዪ ስለከረምሽ እግዜር ይስጥልኝ» በልልኝ። ትልቋ ልጅህን ስለፈተናው አይዞሽ በላት፤ አክስትሽ ሒሳብ ላይ ስንቴ እንደወደቀች ጠይቂኝ ብላለች በላት። ትንሹን ጉንጩን እያገላበጥክ ሳምልኝ፤ ይሸሻል፣ አትልቀቀው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከተከራየሁት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጥር አጋማሽ።