ከሲንጋፖር ሱራባያ ሁለት ሰዓት ከሃያ

ለልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው ገበያው ዳር የአውሮፕላን ትኬት የምትሸጠው ቡሲያ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሻካራ ነገር ካገኘሽበት በእሷ አትፍረጂ። አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? የምታሳድጊያቸው የሰው ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔን ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ጨው ማፈሱን ግን አልተውኩም። አልሐምዱሊላህ።

እናትሽ ሞታለች። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞተች፣ ከዙህር ሶላት በፊት ቀበርናት። በስልክ የነገረሽ ሰው አይጠፋም፤ ከእኔ አፍ ግን ይኸው።

አምስት ቀን ተኛች። በየቀኑ፣ “ብንጠራት ትደርስልኝ ይሆን?” ትለኝ ነበር። እኔ በጎረምሳነቴ እንጨት ጭነን በሸራ ጀልባ አንቺ ያለሽበት ሲንጋፖር ስንሄድ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብናል። የማውቀው መንገድ እሱን ነው። “አትደርስም፣ አርፈሽ ተኚ” አልኳት። የወንድሜ ሚስት ልደውልላት ብትል፣ በእኔ ግቢ ስሟ አይነሳ ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። በአምስተኛው ቀን መጠየቁን ተወች። ፊቷን በስተምሥራቅ፣ የተወለድሽ ዓመት ወደ ሠራሁልሽ ቤት አዞረች። እንደዞረች ቀረች።

በሞተች በሰባተኛው ቀን ቡሲያ ለዱዓው ሩዝ ይዛ መጣች። የዘጠኙን ቀን መንገድ ሳወራ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። “አባባ፣ በአየር እኮ ከሲንጋፖር ሱራባያ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው። አራት ሰዓት ላይ ተነስታ አምስት ሰዓት ከሃያ ሱራባያ ናት” አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሰዓት መቁጠር አያቅተኝም፣ ይሄማ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው አልኳት። የእነሱ ሰዓት ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል አለች። መንገዱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ግን አንዷ ትመለስለታለች። ከሱራባያ የባሕሩን ድልድይ ተሻግሮ እኛ ደሴት ለመድረስ ሌላ ሦስት ሰዓት።

ከላይኛው የጨው ኩሬ ውሃ ወደ ታችኛው ለማውረድ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። እናትሽ አምስት ቀን ጠበቀች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕሩ ነው የያዛት ስል ኖርኩ። የመረጥኩልሽን ባል እምቢ ብለሽ የሄድሽ ቀን የቤትሽን በር በምስማር የመታሁት እኔ ነኝ እንጂ ባሕሩ አይደለም። ይሄኔ ቡሲያ ብዕሩን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኳት። አውሮፕላን በላዬ በየቀኑ ያልፋል። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ለመጠየቅ አሥራ አንድ ዓመት ነበረኝ። አልጠየቅሁም።

ነይ አልልሽም። በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም። የእናትሽ አርባ የሚወጣው በሻዕባን ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ይሄንን እወቂው።

በርሽ ላይ አራት ምስማር ነበረ። ሦስቱን ነቅያለሁ። አራተኛው ዝጎ እንጨቱን ነክሶ ይዟል፤ እየታገልኩት ነው።

አላህ ከባዕድ ክፋት ይጠብቅሽ። እጅሽን ይባርከው። ያቺ ወደ ቤቱ ለሚመለስ የምትመለሰው አንድ ሰዓት ለአንቺም አትጥፋ።

አባትሽ

ቡሲያ፣ በይ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ስለ እናቷ ያለውን ዝለይውና ሌላውን።